የእናት ሳሙና፦ የቤት ዕቃ ታሪክ የሚናገረው መቼ ነው?

ዛሬ የምነግራችሁ አንድ ቻይናዊ ሠዓሊ ከእናቱ ጋር ስለሠራው ሥራ ነው። ሠዓሊው ሶንግ ዶንግ ይባላል፤ እናቱ ደግሞ ወይዘሮ ዣኦ ሺያንግዩዋን። ሥራው ለሕዝብ መጀመሪያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2005 ቤጂንግ ውስጥ ሲሆን፣ ርእሱ በእኛ አባባል «ምንም አይባክን» እንደ ማለት ነው። ሥራው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል አልነበረም። ወለሉ ላይ በየዓይነቱ ተደርድሮ የሚታየው ከአንድ ቤት የወጣ ከ10 ሺህ በላይ ዕቃ ነው፦ ተጨምቆ ያለቀ የጥርስ ሳሙና ቱቦ፣ የጠርሙስ ክዳን፣ ሳፋ፣ ድስት፣ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ፣ ታጥፎ የተቀመጠ ፌስታል፣ ያረጀ ጫማ፣ ቁራጭ ጨርቅ፣ ቁልፍ፣ አሻንጉሊት፣ የአበባ መትከያ። በመካከሉ ቤተሰቡ ይኖርበት የነበረው ትንሽ ቤት የእንጨት መዋቅር ቆሟል። ሰው በዕቃዎቹ መካከል በተተወው ጠባብ መንገድ እየዞረ ያያል።

ይህን ሥራ የመረጥኩት በብዙዎቻችን ቤት ያለን ጥያቄ ስለሚመልስ ነው። እናቶቻችንና አባቶቻችን ያስቀመጡት ቅራቅንቦ ምን ይሁን? ይጣል ወይስ ይቀመጥ? ቢቀመጥስ ለማን ይጠቅማል? እኔ የደረስኩበት መልስ እንዲህ ነው፦ ዕቃ ትውስታን ይይዛል፤ ትውስታውን ለሌላ ሰው የሚያደርሰው ግን ዕቃውን ጠብቆ ያኖረው ሰው ቃል ነው። ስለዚህ ዕቃውን ለማዳን ከመሯሯጥ በፊት ባለቤቱን መጠየቅ ይቀድማል። ሶንግ ዶንግ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የሥራው ትልቅነትም ከዚሁ ይመነጫል።

ለክፉ ቀን

ወይዘሮ ዣኦ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ያደጉት ከደህና ቤተሰብ ነበር፤ ይሁን እንጂ ኮሚኒስቶቹ ሥልጣን ከያዙ በኋላ አባታቸው ታሰሩና ቤተሰቡ ችግር ላይ ወደቀ። አግብተው ልጆች በማሳደግ ላይ ሳሉ ደግሞ የባህል አብዮት የተባለው ዘመን መጣ። ባለቤታቸው የአብዮቱ ጠላት ተብለው ለዓመታት ከቤታቸው ርቀው በማረሚያ ሥራ ቆዩ። ልጆቹን የማሳደጉ ሸክም እናትየው ላይ ወደቀ።

በዚያ ዘመን ገንዘብ ቢኖርም ዕቃ በገንዘብ ብቻ አይገዛም ነበር። ቻይና ውስጥ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እህልና ጨርቅ የሚሸጠው በኩፖን ነበር። የጨርቅ ኩፖን የቀረው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ የእህሉ ደግሞ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ቆይቷል። ከ1959 እስከ 1961 ድረስ አገሪቱን የመታው ረሀብ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ ጨርሷል። ያንን ያየ ሰው ቁራጭ ጨርቅ አይጥልም። ለሱሪ መጣፊያ፣ ለጫማ ገበር፣ ለብርድ ልብስ መቀጠያ ይሆናል። ጠርሙስም፣ ክዳንም፣ ገመድም እንዲሁ። ቆጣቢነት ለወይዘሮ ዣኦ ጸባይ ብቻ አልነበረም፤ ልጆችን በሕይወት የማቆያ ዘዴ ነበር።

ሳሙናው

ከ10 ሺሁ ዕቃ መካከል አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። በኤግዚቢሽኑ ላይ ደርቆ የተሰነጣጠቀ የልብስ ሳሙና ተደርድሮ ይታያል። ታሪኩን የተናገሩት እናትየው ራሳቸው ናቸው።

ሳሙና በራሽን በሚታደልበት ጊዜ ወይዘሮ ዣኦ ከድርሻቸው እየቀነሱ ያስቀምጡ ነበር። ልጆቼ አድገው የራሳቸውን ቤት ሲመሠርቱ እንደ እኔ ሳሙና እንዳይቸግራቸው ብለው ነው። ዓመታት አለፉ። ልጁ አደገ፣ ተማረ፣ አገባ። እናትም ያጠራቀሙትን ሳሙና ለሠርጉ ስጦታ አወጡት። ልጁ ግን ልብሱን የሚያጥበው በማሽን ነው፤ በዚያ ላይ ሱቁ ሁሉ ሳሙና ሞልቶበታል። አያስፈልገኝም ብሎ ተወው። እናቱም አልጣሉትም፤ መልሰው አስቀመጡት። ልጁ ሳሙናው አሁንም ቤት ውስጥ እንዳለ ያወቀው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እናቱ ለዓመታት ሲያከማቹለት የቆዩት ምን እንደነበረም ያን ጊዜ ገባው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንድናስብ እፈልጋለሁ። ሳሙናው ያው ሳሙና ነው። ለእናትየው የአንድ ወር ዋስትና ነው፤ ለልጁ ደግሞ ቦታ የሚያጣብብ ዕቃ። ከሁለቱ ያጠፋ የለም። በእናትና በልጅ መካከል አገሪቱ ተለውጣለች። የኑሮ ለውጥ ስንል ብዙ ጊዜ ስለ ፎቅና ስለ መንገድ እንናገራለን፤ ይህ የሳሙና ታሪክ ግን ለውጡ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ምን እንዳደረገ በግልጽ ያሳየናል። ሳሙናውን ያለ ታሪኩ ብናየው ኖሮ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አናገኝም ነበር። የደረቀ ሳሙና አይተን እናልፍ ነበር።

ከጠብ ወደ ሥራ

እ.ኤ.አ. በ2002 የሶንግ ዶንግ አባት በልብ ሕመም በድንገት አረፉ። ከዚያ በኋላ እናትየው ሐዘኑ ከበዳቸው። ዕቃ ማስቀመጣቸውም ባሰ። ጠረጴዛው፣ አልጋው፣ መተላለፊያው ሁሉ በዕቃ ተሞላ። ሶንግ ዶንግና እኅቱ ቤቱን ለማጽዳት፣ የማይረባውን ለመጣል ሞከሩ። እናታቸው ተቆጡ። ልጆቹ እናታችን ይመቻት፣ ንጹሕ ቤት ውስጥ ትኑር ይላሉ፤ እናት ደግሞ ሕይወቴን እየጣላችሁብኝ ነው የሚል ስሜት አላቸው። ይህ ጠብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በዓል በመጣ ቁጥር፣ ቤት በተለወጠ ቁጥር በየቤታችን ይነሣል።

ሶንግ ዶንግ ክርክሩን ትቶ ሌላ መንገድ ፈለገ። እናቱን እስቲ ይህን ሁሉ አብረን ለሰው እናሳይ አላቸው። የእናትየው እምነት ዱሮም ዕቃ አንድ ቀን ይጠቅማል የሚል ነበር፤ ልጃቸው ያ ቀን መጣ እንዳላቸው ቁጠሩት። እናትና ልጅ ዕቃውን አንድ በአንድ እያነሡ ለዩት፣ ደረደሩት። እያንዳንዱ ሲነሣ ወሬ ይከተለዋል፦ ይህ መቼ ተገዛ፣ ማን ለበሰው፣ ለምን ተቀመጠ። የተናገሩትም ተጻፈ። ኤግዚቢሽኑ ሲከፈት ወይዘሮ ዣኦ አዳራሹ ውስጥ እየተገኙ ዕቃውን ያስተካክሉ፣ ጎብኚውን ያጫውቱ ነበር። በእድሜ የሚቀርቧቸው ቤጂንጎች እየመጡ የራሳቸውን ቤት አዩበት። ባላቸውን ካጡ ወዲህ ከሰው ርቀው የነበሩት ሴት መልሰው ከሰው ጋር ተገናኙ። ሶንግ ዶንግ ለሟቹ አባቱ በመብራት የተሠራ ጽሑፍም አቁሞ ነበር፤ አባባ አታስብ፣ እማማም እኛም ደኅና ነን የሚል መልእክት ነው።

ሥራው እ.ኤ.አ. በ2006 በደቡብ ኮሪያ የጓንጁ ቢየናሌ በተባለው የጥበብ ትርኢት ላይ ቀርቦ ተሸለመ፤ በ2008 በርሊን ታየ። በ2009 በጋ ደግሞ በኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ቀረበ። ወይዘሮ ዣኦ ግን ኒው ዮርክን አላዩም። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ዛፍ ላይ የተቸገረች ወፍ ለመርዳት መሰላል ወጥተው ወደቁና አረፉ። ከዚያ በኋላ ዕቃውን የሚደረድሩት ሶንግ ዶንግ፣ እኅቱና ባለቤቱ ዪን ሺውዠን ሆኑ። ዪን ሺውዠንም ሠዓሊ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ከልጅነቷ ጀምሮ የለበሰቻቸውን ልብሶች አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ አድርጋ ሲሚንቶ ያፈሰሰችበት ሥራ አላት። «ምንም አይባክን» በ2012 ለንደን፣ በ2013 ሲድኒ ደርሷል።

እናትየው ሲያርፉ ሥራው ለምን አልሞተም? በሕይወት እያሉ ስለተናገሩ ነው። ሳሙናው ዛሬም ታሪኩን የሚናገረው በእሳቸው ቃል ነው። ልጃቸው ሐሳቡ የመጣለት ከሞታቸው በኋላ ቢሆን ኖሮ፣ የሚተርፈው አንድ የጭነት መኪና ሙሉ ቅራቅንቦ ነበር።

ጥበቡ የት ላይ ነው?

እንዲህ ያለ ሥራ ሲታይ ሁልጊዜ የሚነሣ ጥያቄ አለ፦ ይህ ምኑ ነው ጥበብ? ዕቃ መደርደር ማንስ ያቅተዋል? ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በቅጡ መመለስ አለበት።

የመጀመሪያው መልስ አደራደሩ ነው። አንድ ያለቀ የጥርስ ሳሙና ቱቦ ቆሻሻ ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ቱቦዎች ጎን ለጎን ተደርድረው ስታዩ ግን የምታዩት የአንድ ቤተሰብ የአሥርት ዓመታት ጠዋቶችን ነው። እስከ መጨረሻው ጠብታ ስንት ጊዜ እንደተጨመቀ፣ እንዴት ከታች ወደ ላይ እንደተጠቀለለ በቱቦው ላይ ይታያል። ሠዓሊው በመደጋገም ዓይናችሁን ቀስ ብሎ እንዲያይ ያስገድደዋል። ጫማዎቹን ስታዩ ደግሞ ከሕፃን ጫማ ጀምሮ ልጅ ሲያድግ ታያላችሁ።

ሁለተኛው መልስ ሠዓሊው ከዚያ በፊት የመጣበት መንገድ ነው። ሶንግ ዶንግ እ.ኤ.አ. በ1966 ቤጂንግ ተወልዶ ሥዕል የተማረ ሰው ነው። ልጅ ሳለ አባቱ ቀለምና ወረቀት እንዳይባክን በድንጋይ ላይ በውኃ የብሩሽ ጽሕፈት እንዲለማመድ አስተምረውት ነበር። ከ1995 ጀምሮ ያንኑ የልጅነት ልምድ የዕለት ማስታወሻ አደረገው፤ ብሩሹን ንጹሕ ውኃ እየነከረ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የዕለቱን ሐሳብ ይጽፋል፣ ጽሑፉ ደርቆ ይጠፋል። ድህነት ያስተማረው ቁጠባ የጥበቡ መሣሪያ ሆነ ማለት ነው።

በ1997 ደግሞ ከአባቱ ጋር አንድ ሥራ ሠራ። በቻይናውያን ልማድ ያደገ ልጅ አባቱን አይዳስስም፤ አክብሮት በመካከላቸው ይቆማል። ሶንግ ዶንግ የገዛ እጁን በቪዲዮ ቀርጾ ብርሃኑን በአባቱ አካል ላይ ጣለው። የብርሃን እጅ ትከሻቸውን፣ ደረታቸውን ይዳስሳል። አባትየው መጀመሪያ ሙሉ ልብስ ለብሰው ነበር የቆሙት፤ እጁ ሲዳስሳቸው ኮታቸውን አወለቁ፣ ቀጥለው ሸሚዛቸውን። በኋላ ከእናቱ ጋር የሠራው ትልቅ ሥራ የዚህ ቀጣይ ነው። በሁለቱም ጊዜ ሠዓሊው ጥበቡን የተጠቀመበት በቤተሰብ ውስጥ ሊነገር ያልቻለውን ለማስነገር ነው። ለእኔ ጥበቡ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ዕቃው ለወሬው በር ከፈተ።

ተናጋሪ ያጣ ዕቃ

የዕቃው ባለቤት መናገር የማይችልበት ጊዜስ? እዚህ ላይ ወደ ኮሎምቢያ ልውሰዳችሁ። ዶሪስ ሳልሴዶ እ.ኤ.አ. በ1958 ቦጎታ የተወለደች ቀራፂ ናት። አገሯ በመንግሥት፣ በሽምቅ ተዋጊዎችና በግል ታጣቂዎች መካከል በተደረገ ጦርነት ለአሥርት ዓመታት ስትታመስ ኖራለች። ብዙ ሰው ከቤቱ ተወስዶ የገባበት ጠፍቷል።

ሳልሴዶ የጠፉ ሰዎችን ቤተሰቦች እየሄደች አዳመጠች። ሬሳ ሲገኝ ብዙ ጊዜ የሚለየው በጫማው እንደሆነ ተረዳች። በ1990ዎቹ መጀመሪያ «አትራቢሊያሪዮስ» የሚባለውን ሥራዋን ስትሠራ ጫማዎች ተጠቀመች፤ አብዛኞቹ የሴት ናቸው። ግድግዳው ውስጥ ትንንሽ መስኮት የሚመስሉ ጉድጓዶች አስቆፍራ ጫማዎቹን ከተተች፤ የጉድጓዶቹን አፍ ከከብት ፊኛ በተሠራ ስስ ቆዳ ሸፍና፣ ሐኪም ቁስል በሚሰፋበት ጥቁር ክር ዙሪያውን ከግድግዳው ጋር ሰፋችው። ተመልካቹ ጫማውን ያየዋል፤ ግን በደንብ አይታየውም። የጠፋን ሰው የሚጠብቅ ቤተሰብ ያለበት ሁኔታ ይህ ነው፤ ሞቷል ብሎ አይቀብር፣ አለ ብሎ አይቀበል።

እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ በቦጎታ የፍትሕ ቤተ መንግሥት ሕንፃ ላይ ሌላ ሥራ አሳየች። በዚያ ስፍራ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1985 ሽምቅ ተዋጊዎች ሕንፃውን ይዘው፣ ሠራዊቱ መልሶ ለመያዝ ባደረገው ውጊያ ዳኞችን ጨምሮ ወደ መቶ የሚጠጉ ሰዎች ሞተዋል። ሳልሴዶ ከ17 ዓመት በኋላ በዚያው ቀን 280 ወንበሮችን ከጣሪያው ጀምራ አንድ በአንድ በግድግዳው ላይ ወደ ታች አወረደች። መጀመሪያ የወረደችው ወንበር የመጀመሪያው ሰው በተገደለበት ሰዓት ነው የወረደችው። ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። በመንገድ የሚያልፈው ሰው ቀና ብሎ ባዶ ወንበር ያያል፤ የተቀመጠበት ማን እንደነበር ያውቃል።

ሳልሴዶ የሟቾቹን ቃል ማግኘት አልቻለችም። ነገር ግን ዝም ብላ ጫማ ለቅማ አላሳየችም፤ መጀመሪያ የቀሩትን አዳመጠች። ሥራዋ የጸናው በዚያ ማዳመጥ ላይ ስለቆመ ነው። ባለቤቱ ከሌለ የሚያውቀው ይጠየቃል። እሱም ካልተገኘ፣ ማንም እንደሌለ በግልጽ ማሳየት ራሱ ሐቀኝነት ነው።

በእኛ ቤት

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ከመስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የተገደሉ ወጣቶች ፎቶግራፍ፣ ከጅምላ መቃብር የወጣ አጽም፣ ልብስና ጫማ እዚያ ይታያል። ከመቃብር የወጣ ሸሚዝ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቁጥር አይደለም፤ ጠዋት ተነሥቶ ያንን ሸሚዝ የለበሰ ልጅ ነው። ሙዚየሙን ካስጎበኙት መካከል ራሳቸው ከዚያ እስርና ግርፋት የተረፉ ሰዎች ነበሩ። ዕቃውና ያየው ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ሲገኙ የሚሰማው ስሜት ከማንኛውም መጽሐፍ ይበልጣል። እነዚያ ሰዎች ግን እያረጁ ነው። ቃላቸው ከአሁኑ ካልተመዘገበ ነገ ልብሱ ብቻውን ይቀራል።

የወይዘሮ ዣኦን ሳሙና ታሪክ ስሰማ የእኛ ቤት ትዝ ያለኝም በምክንያት ነው። በደርግ ዘመን ስኳርና ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ በራሽን ይገዛ ነበር። ሰልፍ ይያዝ፣ ካርድ ላይ ይመዘገብ ነበር። ያን ጊዜ ቤት ያስተዳደሩ እናቶች ዛሬም የኒዶ ጣሳ አይጥሉም፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡና ይቀመጥበታል። የብስኩት ቆርቆሮው መርፌና ክር ይይዛል። ፌስታል ታጥፎ ፍራሽ ሥር ይገባል። ልጆች ይስቃሉ፤ «እማዬ፣ ይህን ሁሉ ምን ያደርግልሻል?» ይላሉ። መልሱ «ለክፉ ቀን ነው» የሚል ነው። የትኛው ክፉ ቀን ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የታሪክ ትምህርቱ ያለው እዚያ ጥያቄ ውስጥ ነው። የአንድ ጣሳ ወሬ ስለ ሰልፉ፣ ስለ ካርዱ፣ ልጁ ዘምቶ ስላልተመለሰ ጎረቤት ሊያወራን ይችላል።

በጥበብ ዘርፍም የራሳችን ሰው አለን። ኤልያስ ስሜ እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ ተወልዶ እዚሁ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረ ሠዓሊ ነው። መርፌና ክር፣ ቁልፍ፣ ቆርኪ፣ በኋላም ከተጣሉ ኮምፒውተሮችና ስልኮች የወጣ ሽቦ፣ ሰሌዳና የጽሕፈት ቁልፍ የሥራው ግብዓት ሆነዋል። ብዙውን የሚያገኘው ከመርካቶ ነው፤ ሚናለሽ ተራን የምታውቁ ሁሉ ምን ዓይነት ሀብት እንዳለ ታውቃላችሁ። ባለቀለም ሽቦውን እየጎነጎነ በትንንሽ ሚስማር እንጨት ላይ ይመታዋል። ከሩቅ ሲያዩት ከአውሮፕላን ላይ የታየ እርሻ ወይም ከተማ ይመስላል፤ ሲቀርቡት የማን እንደነበር የማይታወቅ የኮምፒውተር ቁልፍ ሆኖ ይገኛል። «ታይትሮፕ» የተባሉት እነዚህ ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ሙዚየም በሰፊው የቀረቡ ሲሆን፣ በ2022 ደግሞ ሥራዎቹ በቬኒስ ቢየናሌ ዋና ኤግዚቢሽን ታይተዋል። የጥበብ ኤግዚቢሽን አዘጋጅ ከሆነችው ከመስከረም አሰግድ ጋር መካኒሳ አካባቢ የመሠረተው ዞማ ሙዚየምም በጭቃ አሠራር የተገነባ፣ የአባቶችን የግንባታ ዕውቀት በሥራ ያቆየ ቦታ ነው።

ኤልያስ የሚሠራው ከሶንግ ዶንግ በተለየ መንገድ ነው። የሶንግ ዶንግ ዕቃ ባለቤቱ በስም ይታወቃል፤ ኤልያስ እጅ የሚደርሰው ዕቃ ግን በብዙ የማይታወቁ ሰዎች እጅ ያለፈ ነው። አንዱ የአንድን ቤት ታሪክ ይነግረናል፤ ሌላው የማናውቃቸው ሰዎች ድካም እንዴት እንደተሳሰረ ያሳየናል። ሁለቱም ተጥሎ ያየነውን ነገር ጎንበስ ብለን እንድናይ ያደርጉናል።

ምን እናድርግ?

ሁሉም ነገር ይቀመጥ እያልኩ አይደለም። ቤት መጥበቡ እውነት ነው። አንዳንድ ሰው ዕቃ የሚያከማቸው ሐዘን ወይም ሕመም ስላለበት ነው፤ እሱን በፍቅር መርዳት ያስፈልጋል። ወይዘሮ ዣኦም ከሞት ሐዘን በኋላ ያደረጉት በከፊል ይህ ነበር። እኔ የምለው ከመጣሉ በፊት ይጠየቅ ነው። ታሪኩ ከተመዘገበ በኋላ ዕቃው ለቆራሌው ቢሄድ ጉዳቱ ያነሰ ነው። ታሪኩ ሳይነገር ዕቃው ቢቀመጥ ግን የልጅ ልጆቻችን የሚወርሱት ትርጉሙን የማያውቁት ሸክም ነው።

ጊዜውም ያስቸኩላል። በአዲስ አበባ የቆዩ ሰፈሮች እየተነሡ ነው፤ ፒያሳና ካዛንቺስ የቅርብ ምሳሌ ናቸው። ቤተሰብ ከግቢ ወደ ኮንዶሚኒየም ሲገባ መሶቡ፣ ሙቀጫው፣ ሳንዱቁ፣ አሮጌው ቡፌ ምን ይሁን የሚለው በአንድ ቅዳሜ ይወሰናል። ቤጂንግም የሆነችው እንዲህ ነው። የዱሮ ሰፈሮቿ ለአዳዲስ ሕንፃዎች ሲፈርሱ የሶንግ ዶንግ ሥራ የብዙ ሰው ልብ የነካው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ስለዚህ ለቤተሰብ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። እናትን፣ አባትን፣ አያትን ስለ ራሳቸው ሕይወት «ተርኩልን» ቢሏቸው ምን እንደሚሉ ይቸገራሉ። አንድ ዕቃ አንሥታችሁ ግን «ይህ ከየት መጣ?» በሏቸው። ማን ገዛው፣ በስንት ተገዛ፣ ከማን ጋር ተሄደ፣ ማን ይጠቀምበት ነበር፣ ለምን አልተጣለም? መልሱን በስልካችሁ በድምፅ ቅረጹ፤ በራሳቸው አነጋገር ይሁን፣ አታሳምሩት። ዕቃውን ከያዘው እጅ ጋር ፎቶ አንሡት። ከፎቶው ጀርባ ስምና ዓመት ጻፉበት። በውጭ አገር የምትኖሩም ይህን በስልክ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ዕቃው እዚህ፣ ጠያቂው እዚያ ቢሆን የሚቸግር ነገር የለውም። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ከጀርባቸው አትጣሉባቸው። የሶንግ ዶንግ እናት የተቆጡት ዕቃው ስለሄደ ብቻ አልነበረም፤ ሳይጠየቁ ስለተወሰደባቸው ነው። ታሪኩን ለሰው ለማሳየትም ፈቃዳቸው ይቅደም።

ለሙዚየሞቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ስድስት ኪሎ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ዕቃዎቹን ያደራጀው በሰው ልጅ የሕይወት ቅደም ተከተል፣ ከልደት እስከ ሞት ነው። ይህ ብልህ አሠራር ነው፤ ጎብኚው ዕቃውን ከኑሮ ጋር አያይዞ ያየዋል። ሌሎች ሙዚየሞቻችንም አንድ እርምጃ ይጨምሩ። መግለጫው «የጠላ ገንቦ፣ ከእንዲህ ያለ አካባቢ» ብሎ ከሚቆም፣ ከተቻለ የሠራችው ሴት ስምና ስለ ሥራዋ የተናገረችው ቃል ይካተት። ገንቦውን የሠራችው እጅ አሁንም በሕይወት ካለች፣ ቃሏን የምናገኝበት ጊዜ ዛሬ ነው።

ለወጣት ሠዓሊዎቻችን የምለው ደግሞ ይህ ነው። አሮጌ ዕቃ አዳራሽ ውስጥ ማቆም ቀላል ሆኗል፤ የብዙ አገር ኤግዚቢሽን በዚህ ተሞልቷል። ሶንግ ዶንግን ከሌሎቹ የለየው ዕቃውን ከማሳየቱ በፊት ቁጭ ብሎ መስማቱ ነው፤ ሳልሴዶም የጫማውን ጉድጓድ ከመቆፈሯ በፊት የቤተሰቦቹን በር አንኳኩታለች። ያልሰማችሁትን ታሪክ በዕቃ ልታሳዩ አትችሉም።

ክቡራትና ክቡራን፣ በየቤታችሁ መልስ የሚሰጥ ሰው ዛሬ አለ። ጥያቄው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ለሚመጣው በዓል ወይም ለቀጣዩ እሑድ ሳታቆዩት፣ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ አንድ ዕቃ አንሥታችሁ ጠይቁ። ከእናት የምንወርሰው ትልቁ ሀብት የዕቃው ወሬ ነው፤ እሱን ደግሞ ከእሷ ሌላ የሚያወርሰን የለም።